ከግዳጅ መልስ፦ ባልና ሚስት ጨዋታ እንዴት ይጀምራሉ?

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ብሎክ ላይ ብቻ ባሎቻችን ሠራዊት ውስጥ ያሉ አምስት ሴቶች አለን። ውሃ የሚመጣ ቀን ጄሪካን ይዘን ስንሰለፍ፣ ባሏ ሰሞኑን የተመለሰላት ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። «በሰላም ገባልኝ፤ ግን አያወራም። ምን ላድርግ?» በቀደም ደግሞ የባለቤቴ ጓድ ደውሎ ከወዲያኛው በኩል ጠየቀኝ። «ቤቴ ገብቼ እንግዳ ሆንኩ። ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ረጅም ግዳጅ ሄዶ ተመልሷል። የመጀመሪያው መልስ ከብዶን ነበር፤ ሁለተኛው ተሻለ። እዚህ የምታነቡት በሁለቱ መካከል የተማርነውን ነው። አብራችሁ ብታነቡት ይመረጣል። «እሱ» እያልኩ የምጽፈው የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ሚስቶች ስለሆኑ ነው። የዘመተችው ሚስት ከሆነች ቦታውን ቀያይሩት፤ ሥራው ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከግዳጁ አትጀምሩ፤ ከቤቱ ጀምሩ። ሰው በእንግድነት ተቀምጦ የልቡን አያወጣም። መጀመሪያ ቤቱ ቤቱ ይሁን፤ የግዳጁ ወሬ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ስልክ ከተከፈተ ሌላ ወሬ ይመጣል።
- የቡና ዕቃ። ጀበናዋ ትንሽ ትሁን። ትልቅ ጀበና ከተጣደ ጎረቤት መጥራት ግድ ይሆናል፤ ይሄ ቡና ግን የሁለታችሁ ብቻ ነው።
- የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ።
- ለእሱ የተቀረጸ የቤት ቁልፍ።
- የቤቱ ወረቀቶች፣ በአንድ ፌስታል ተሰብስበው፦ የውሃ ቢል፣ የባንክ ደብተር፣ የዕቁብና የዕድር ደብተር፣ ለብሎኩ ኮሚቴ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወረቀት።
- ለእግር ጉዞ የሚሆን ጫማ። ለምን እንደሆነ ቁጥር 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ከመምጣቱ በፊት ስለ መጀመሪያው ቀን በስልክ ተነጋገሩ

ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። ማን ይቀበልህ? ቤት ማን ይጠብቅህ? ስትገባ መጀመሪያ የምትፈልገው መታጠብ ነው፣ መተኛት ነው ወይስ መብላት?

እኛ ጋ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ዘመድ ይጎርፋል። ፍቅር ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ግን ወራት ሙሉ ነቅቶ ሲጠብቅ የከረመ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሰው የሞላበት ሳሎን መቀመጥ ይከብደዋል። በመጀመሪያው መልስ እኛ ቤት በግ ታርዶ፣ ዘፈን ተከፍቶ፣ ሳሎኑ ጢም ብሎ ነበር። ባለቤቴ ጥግ ይዞ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በሩን በሩን ሲያይ አመሸ። እኔን በማየቱ ያልተደሰተ መስሎኝ ከፋኝ። በማግስቱ ሌላ ዘመድ መጣ፤ በሳልስቱም ሌላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለታችን ለብቻችን ቁጭ ብለን ቡና አልጠጣንም።

በሁለተኛው ጊዜ አስቀድሜ ለአማቴ ደወልኩ። «እማማ፣ ሐሙስ ይገባል። እርስዎ ያው ሐሙስ ይምጡ። ሌላውን ዘመድ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ላይ እንጥራው፤ እርስዎ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። እናቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን አታስቀሯት። እሷ ከተቀየመች ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ደግሞም ዘመዱን «እስኪ ይረፍ» ብላ የምታስታግስላችሁ እሷው ናት።

በዚሁ ስልክ የወሊድ መቆጣጠሪያን ነገር አንሱ። ብዙዎቻችን እሱ ሲሄድ መርፌውን ወይም ኪኒኑን እንተዋለን። ልጅ አሁን ትፈልጋላችሁ ወይስ ይቆይ? በመጣበት ሌሊት የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ላይ አገልግሎቱ በነፃ ነው።

2. በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጥያቄ አታብዙ፤ ቤቱን አሳዩት

ዕጣ ደርሶን ከኪራይ ቤት ወጥተን እዚህ የገባነው እሱ ግዳጅ ላይ እያለ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አንድም ቀን ያላደረበት ቤት ገባ። በመጀመሪያው ሌሊት ውሃ ሊጠጣ ተነሳ። ማብሪያውን ፍለጋ ግድግዳውን በመዳፉ ሲዳብስ ተኝቼ ሰማሁት። ብርጭቆ የት እንዳለ አልጠየቀኝም። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ የጄሪካኑ ክዳን ተገልብጦ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። በእሱ ነበር የጠጣው። በገዛ ቤቱ ብርጭቆ መጠየቅ ከብዶት።

ስለዚህ ይዛችሁት ዙሩ። ውሃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው? የቱ ጄሪካን የመጠጥ ነው፣ የቱ የዕቃ ማጠቢያ? የመብራት ካርዱ ሲያልቅ የት ይሞላል? የግቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋል? ጥበቃው ማን ይባላል? ታክሲው አሁን ከየት ይነሳል? ልጆቹ ስንት ሰዓት ይተኛሉ፣ ደብተራቸው የት ነው? ቁልፉን በዚያው ዕለት በእጁ ስጡት።

ከዚያ አንድ ሥራ ብቻ አስረክቡት። እኛ ቤት ውሃው ነበር። ውሃ የሚመጣ ቀን ሌሊት ተነስቶ የሚሞላው እሱ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ለምን? የቤቱን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ዝም ብሎ ጥግ ይይዛል፣ ወይ በካምፕ ሥርዓት ሊያዝዝ ይነሳል። ሁለቱም ጨዋታ ይገድላሉ። ሥርዓቱን ካወቀና አንድ ሥራ በእጁ ከገባ ግን የሚያወራው ነገር ያገኛል። «ዛሬ ውሃው ቀጥኗል» ማለትም ወሬ ነው። በትንሹ አትናቁት።

ለአንተ ለዘመትከው ደግሞ። ቤት የቆየችውም የሠራችው ሥራ አለ። ገብተህ «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ከማለትህ በፊት «ይሄን ሁሉ ብቻሽን እንዴት ተወጣሽው?» በላት። ከዚያ ዝም ብለህ ስማት።

3. የቡና ቀጠሮ ያዙ

ይሄኛው ዋናው ነው፤ ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይሄን አትዝለሉ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ወይም ጠዋት ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ለሁለት ብቻ ቡና አፍሉ። ቀኑን ቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቡት። ቴሌቪዥን ይዘጋ። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ።

አካሄዱ እንዲህ ነው።

ሀ. አቦል ላይ አንዱ ይናገራል። ሌላው አያቋርጥም።
ለ. አቦሉ ሲያልቅ ሰሚው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል። «ያልሺው እንዲህ ነው፤ ልክ ነኝ?» ይላል። ልክ ካልሆነ ተናጋሪዋ ታርማለች።
ሐ. ቶና ላይ ተራው ይገለበጣል።
መ. በረካ ላይ አንድ ነገር ይወሰናል። አንድ ብቻ። ደብተሩ ላይ ይጻፋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቶና ላይ የተናገረው አቦል ላይ ይጀምራል።

ቡና የመረጥኩት እዚህ አገር ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቡና በራሱ ጊዜ ይወስዳል። እጅ ሥራ ያገኛል፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለው። ፊት ለፊት ተፋጦ መነጋገር ለሚከብደው ሰው ከሰሉ ላይ እያዩ ማውራት ይቀላል። ተራው በሲኒ ስለሚለካም «አንተ አበዛህ፣ አንቺ አበዛሽ» የሚል ክርክር አይነሳም።

የ«ለ»ን፣ ማለትም የሰሙትን መልሶ የመናገርን ጥቅም በምሳሌ ላሳያችሁ። እኔ አቦል ላይ እንዲህ አልኩ። «ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ብቻዬን ነበርኩ። ሌሊት ባጃጅ አጥቼ እስከ አስፋልቱ አዝዬው ሄድኩ።» በመጀመሪያው መልስ ጊዜ ለዚሁ ወሬ ያገኘሁት ምላሽ «እኔስ ጥይት ውስጥ አልነበርኩም?» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የማን መከራ እንደሚበልጥ ስንከራከር ከረምን። በሁለተኛው ጊዜ በደንቡ መሠረት መለሰልኝ። «ሌሊት ብቻሽን አዝለሽው ሄድሽ። ፈርተሽ ነበር ማለት ነው። ልክ ነኝ?» አለኝ። ልክ ነበር። ስምንት ወር የያዝኩት ነገር በዚያች ዓረፍተ ነገር ቀለለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቡናዎች ዝምታ ይበዛባቸዋል። ቀጠሮውን ግን አትሰርዙ። ዝም ብላችሁ ሦስቱንም ጠጡና ተነሱ።

4. ጥያቄ ምረጡ

የማይጠየቁ፦ «ሰው ገድለሃል?» «ስንት ሰው ሞተ?» «በጣም የሚያስፈራው የቱ ነበር?» እነዚህ ለጠያቂው ወሬ ናቸው፤ ለእሱ ግን ተመልሶ እዚያው መግባት ነው። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ቦታውና ስለ ሰው ብዛትም አትጠይቁ። መናገር የማይፈቀድለት ነገር አለ። «መናገር የማትችለውን አልጠይቅህም» ብላችሁ ገና ከመጀመሪያው ንገሩት፤ እፎይ ይላል።

የሚጠየቁ፦ ምን ትበሉ ነበር? ማን ነበር የሚያበስለው? የሚያስቃችሁ ማን ነበር? ሙቀቱን እንዴት ቻልከው? ልብስ የምታጥቡት የት ነበር? እኔ ስደውልልህ የት ቆመህ ነበር የምታናግረኝ?

እነዚህ ቀላል ይመስላሉ። ግን እሱ የኖረበትን ቀን በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩት ያደርጋሉ፤ በሩን የሚከፍተውም እሱ ራሱ ይሆናል።

ባለቤቴ የተመለሰው ጥቅምት ላይ ነው። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ምስር እየለቀምን «ምስር ይወድ ነበር» አለ። «ማን?» አልኩት። የጓዱን ስም ነገረኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ መልቀሜን ቀጠልኩ። እሱም እየለቀመ ቀጠለ። ሰፌዱ ባዶ እስኪሆን አወራ።

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሥራችሁ መስማት ብቻ ነው። «አይዞህ፣ ያልፋል» አትበሉ። «አንተ እንኳን ተረፍክ» አትበሉ፤ አንዳንዱ የሚያመው መትረፉ ራሱ ነው። «እሰማሃለሁ» ወይም «ከዚያስ?» ይበቃል። እንባ ቢመጣ ይምጣ።

አንድ የረዳን ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሲሞትብን እኛ መርዶ እንሰማለን፣ ድንኳን እንጥላለን፣ እናለቅሳለን። ግዳጅ ላይ ጓዱ የሞተበት ሰው ግን ሳያለቅስ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ የሟቹ ቤተሰብ የሚታወቅ ከሆነና እሱም ከፈቀደ፣ ጊዜው ቢያልፍም አብራችሁ ለቅሶ ድረሱ። እኛ ዓመት ሊሞላው ሲል ሄድን። አባትየው አጠገባቸው አስቀምጠውት ብዙ ሰዓት አዋሩት። እኔ ጓዳ ከእናትየው ጋር ነበርኩ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

5. ብርና ሥልጣንን በአንድ ጊዜ አታገለብጡ

ለአንድ ወር ምንም ትልቅ ነገር አትለውጡ። የልጆች የመኝታ ሰዓት፣ ዕቁቡ፣ ለእናቱ የሚላከው ብር፣ ሠራተኛዋ፣ ሁሉም ባለበት ይቆይ። ልጆች በሁለተኛው ቀን ሕግ ከተቀየረባቸው አባታቸው ከሕጉ ጋር እንደመጣ ነው የሚቆጥሩት። ቤቱን ይዛ የቆየችውም ሥራዋ ሁሉ ስህተት ነበር የተባለች ይመስላታል።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ቡና ለወረቀት ብቻ አድርጉት። ፌስታሉን ዘርግፉ። ደብተሩ ላይ ሦስት ረድፍ አስምሩ፦ የገባ፣ የወጣ፣ ያለብን። ደመወዙ፣ አበል ካለ አበሉ፣ የቤቱ የባንክ ክፍያ፣ የትምህርት ቤት፣ ለዘመድ የተሰጠ፣ የተበደርነው። ቤት የቆየችው ደብቃ የተበደረችው ካለ ዛሬ ታውጣው። ከዕቁብ ጸሐፊ አፍ ከሚሰማው ከእናንተ ቢሰማ ይሻላል። አንተም ጋ ለጓድ ያበደርከው ብር ካለ ዛሬ ንገራት።

በተለይ ከሰላም ማስከበር የተመለሰ ሰው ብዙ ብር ይዞ እንደመጣ ይወራል። ብድር ጠያቂ ይመጣል። ለሁሉም አንድ መልስ ይኑራችሁ፦ «ተነጋግረን እንነግርሃለን»። ሁለታችሁም ይቺኑ በሉ። አንዱ «እሺ» ሌላው «የለንም» ካለ ጠቡ ከጠያቂው ጋር ሳይሆን እናንተ ቤት ይሆናል።

ከወሩ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ኃላፊነት መልሱለት። የትኛውን እንደሆነ በረካ ላይ ወስኑ።

6. ንዴት ሲመጣ መውጫና መመለሻ ይኑረው

ካምፕ ውስጥ ትእዛዝ አጭርና ፈጣን ነው፤ ሰው የሚተርፈውም በዚያ ነው። ያ ድምፅ ቤት ይከተለዋል። «ቶሎ በሉ!» ሲል ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ እሱ ግን መጮሁን አያውቀውም። በሰላሙ ጊዜ አንድ የማስታወሻ ቃል ተስማሙ። የእኛ «ቤት ነህ» የምትል ናት። በቁጣ ሳይሆን በቀስታ ነው የምትባለው።

ክርክሩ ከጋለ ግን ማቆም ነው። ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ጆሮ ሲግል የተባለው ነገር አይሰማም። ሰውነት እስኪበርድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። የሚወጣው ሰው ሁለት ነገር ተናግሮ ይውጣ፦ የት እንደሚሄድ እና መቼ እንደሚመለስ። «እስከ ባጃጆቹ ደርሼ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ።» ጫማው ለዚህ ነው። ሳይናገሩ በር ዘግቶ መውጣት ወራት ስትጠብቅ ለኖረች ሴት መለየቱን መልሶ ያመጣባታል።

ጉዞው ግሮሰሪ ላይ እንዳያልቅ። መጠጥ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ እንቅልፉን ግን ይበጠብጣል፣ ንዴቱንም ያባብሳል። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል። በተባለው ሰዓት ተመለሱ። ወሬውን የግድ በዚያው ሌሊት መጨረስ የለባችሁም፤ ለሚቀጥለው ቡና አሳድሩት።

7. ሌሊቱንና ድምፁን አስቡበት

የተኛን ዘማች በእጅ ነክታችሁ አትቀስቅሱ። ከእግሩ በኩል ራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት። ነቅቶ ሳያውቃችሁ እጁን ሊሰነዝር ይችላል፤ በኋላ የሚጎዳው ደግሞ እሱው ነው። ቅዠት ከበዛ ለጊዜው ለየብቻ መተኛት ነውር አይደለም። ጠዋት ግን አብራችሁ ተነሱ።

ድንገተኛ ፍንዳታ ያስደነግጠዋል። እኛ ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ ድምፅ አይጠፋብንም። በአቅራቢያችሁ የድንጋይ ማውጫ ካባ ካለ ድንጋይ የሚፈነዳበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ንገሩት። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ልጆች ከቀናት በፊት ጀምረው ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ጅራፍ ደግሞ ጥይት ይመስላል። ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ርችት አለ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉበት። አስቀድሞ የሚያውቀው ድምፅ ያን ያህል አይጎዳውም። ደንግጦ ወለሉ ላይ ቢወድቅ ልጆች እንዳይስቁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

«አይሰማኝም፣ ንቆኛል» የሚሉኝ ብዙ ሴቶች አሉ። እስኪ መጀመሪያ ጆሮውን ጠርጥሩ። ጥይትና ፍንዳታ አጠገብ የከረመ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ የሴትና የልጅ ድምፅ ማለት ነው። ሬዲዮ ዝጉ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ከጀርባ ሆናችሁ አታናግሩት። «ጆሮዬ ይጮሃል» ካለ የጆሮ ሐኪም ይየው።

8. ልጆቹ በራሳቸው ፍጥነት ይምጡ

ትንሹ ልጅ ሊሸሸው ይችላል። «አባትህ እኮ ነው፣ ሳመው!» ብላችሁ አትግፉት። አባትየው ወለሉ ላይ ይቀመጥና በልጁ መጫወቻ ይጫወት፤ ልጁ ይመጣል። ትልልቆቹ «ደግሞ ትሄዳለህ?» ይላሉ። ካላወቀ «አላውቅም፤ ሳውቅ መጀመሪያ ለእናንተ እነግራችኋለሁ» ይበል። «አልሄድም» ብሎ ከሄደ በኋላ የሚያምኑት ቃል አይኖርም።

ማስጠንቀቂያ

ቡናና ደብተር ሕክምና አይደሉም። ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ሰው መሸሹ፣ ስሜት አልባ መሆኑ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራና ኑሮ ከነሳው ሐኪም ያስፈልጋል። ሕመም ነው፤ በንግግርና በመድኃኒት የሚታከም ሕመም። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር መጠየቅ ትችላላችሁ። የሠራዊት አባል ጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለው፤ አማኑኤል ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ነው። ከእኛ አካባቢ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ፤ አብራችሁም ሂዱ። ጠበል ብትሄዱም፣ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ቢመክሩትም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ፍንዳታ አጠገብ የነበረ ሰው ራስ ምታት፣ መርሳትና ብርሃን መጥላት ካለው ጭንቅላቱ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ፍንዳታውን ንገሩት።

ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ድካም ከመጣበት ኩርፊያ ነው ብላችሁ አትለፉት። የወባ ምርመራ ያድርግ፤ የት እንደከረመም ይናገር። እኛ ያለንበት ደጋ ስለሆነ ወባ ላይጠረጠር ይችላል። አንዱ የወባ ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሳል።

«ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከሰማችሁ በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መሣሪያ ቤት ካለ ይውጣ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እጁን ካነሳባችሁ ይሄ መመሪያ እዚያ ላይ ይቆማል። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ፖሊስ 991 ነው። ሽምግልና ቢያስፈልግ ደኅና ቦታ ከሆናችሁ በኋላ ይደረሳል።

የተለመዱ ስህተቶች

- በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ማውራት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጉላ ይመስላሉ። ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ «ተበላሸን» አትበሉ፤ የቡናውን ቀጠሮ አጥብቁ።
- ስልክ መበርበር። በሁለቱም በኩል ጥርጣሬ ይኖራል፤ ጎረቤትም ያግዘዋል። የከነከናችሁን ነገር አቦል ላይ በቀጥታ ጠይቁ። «እከሌ እንዲህ አለኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው» በሉ።
- ፎቶውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍ። የደንብ ልብሱና የጓዶቹ ፊት ያሉበት ፎቶ እሱንም ጓዶቹንም ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል።
- ከጓዶቹ ጋር ስልክ ሲያወራ መቅናት። እነሱ ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል። ጊዜ ስጡት፤ የቡናውን ሰዓት ግን አይንካ።
- እሱን ብቻ መጠበቅ። ቤት የቆየችውም ደክሟታል። በሳምንት ግማሽ ቀን ልጆቹን ይያዝና እሷ ትውጣ፤ ገበያ ሳይሆን የምትወደው ቦታ።
- ደብተሩን ቶሎ መተው። ሦስት ወር ሲሞላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ የተወሰነውንና ያልተፈጸመውን ለዩ። የመጨረሻውን ገጽ ባዶ አስቀሩት። ሌላ ጥሪ ከመጣ ቁልፉ፣ ብሩ፣ የልጆቹ ነገር እና የምትደዋወሉበት ሰዓት የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።